የቤት ዕዳን ከጊዜው በፊት ስለ መክፈልና ስለ ቤተሰብ መጠባበቂያ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር



መሐንዲስ የሌላውን ሰው ቤት ሲያሰላ ይኖራል። ምሰሶው የሚሸከመውን ክብደት፣ መሠረቱ የሚያርፍበትን አፈር፣ ጣራው የሚቀበለውን ዝናብና ነፋስ አስቀድሞ ይለካል። ለክቶም አያበቃም፤ ላልታወቀው ነገር ሲል ከሚያስፈልገው በላይ ጥንካሬ ይመድባል። ይኸው ሰው ለራሱ መኖሪያ ከባንክ ሲበደር ግን ይህን መልካም ልማዱን አብዛኛውን ጊዜ በቢሮው ትቶት ይሄዳል። አንዱ ጥቂት ብር በተረፈው ቁጥር ዕዳውን ለማቃለል ወደ ባንክ ይሮጣል። ሌላው ደግሞ የዋጋ ንረት ዕዳውን ይበላዋል ብሎ ስለሚያምን ከወርኃዊው ክፍያ በላይ አንዲት ሳንቲም መክፈልን እንደ ሞኝነት ይቆጥራል።

የዚህ ንግግር ርእስ በእነዚህ በሁለቱ ሐሳቦች መካከል ያለው መንገድ ነው። በየወሩ ከተወሰነው በላይ መክፈል፣ ማለትም ጭማሪ ክፍያ፣ ቤተሰብን የሚጠቅመው መቼ ነው? የሚጎዳውስ መቼ ነው? ከዕለት ወጪና ከቁጠባ ጋር የሚታረቀውስ በምን ሥርዓት ነው? ጥያቄው የሒሳብ ብቻ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሒሳቡ በትክክል ሳይሠራ ሲቀር የሚናጋው የሰው ኑሮ ነው።

1. የቤት ዕዳ በኢትዮጵያ

የማይንቀሳቀስ ንብረትን አስይዞ መበደር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። በገጠር ወለድ አገድ በሚባለው ልማድ ተበዳሪው መሬቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪውም ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ በወለዱ ፈንታ የመሬቱን ፍሬ ይበላል። ዋናው ገንዘብ ተሟልቶ ካልተከፈለ በቀር መሬቱ ወደ ባለቤቱ አይመለስም። ብዙው ሰው ለዕዳ ያለው ፍርሃት ከዚህ ዓይነቱ ትዝታ የመነጨ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በከተማ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ካደረገ በኋላ፣ መኖሪያ ለመሥራት የሚሻ ባለደመወዝ በዋነኛነት የሚበደረው ከቤቶችና ቁጠባ ባንክ ነበር። ይህ ባንክ በኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ ሲሠራ ቆይቶ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ፣ በተለይም ገዢው ከመቶ 20ውን ከፍሎ ከመቶ 80ውን በባንክ ብድር የሚሸፍንበት ሥርዓት፣ የረጅም ጊዜ የቤት ብድርን ወደ ብዙ ሺህ ቤተሰቦች አደረሰ። በ2005 ዓ.ም. የ10/90፣ የ20/80 እና የ40/60 ምዝገባ ተካሄደ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በቤት ብድር ላይ እንዲያተኩር የተቋቋመው ጎሕ ቤቶች ባንክ ሥራውን ጀመረ።

በመሆኑም ለ15 ወይም ለ20 ዓመት በየወሩ ለባንክ የሚከፍል መምህር፣ ነርስ ወይም መሐንዲስ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ይገኛል። ብድሩን እንዴት እንደሚያገኝ ብዙ ተነግሮታል፤ ካገኘው በኋላ ከዕዳው ጋር እንዴት እንደሚኖር የነገረው ግን ጥቂት ነው።

2. የብድሩ አሠራር

ለስሌት እንዲመች አንድ ቤተሰብ 1,000,000 ብር በዓመት ከመቶ 12 ወለድ፣ ማለትም በወር ከመቶ 1፣ በ20 ዓመት ውስጥ በእኩል ወርኃዊ ክፍያ ለመመለስ ተበድሯል ይባል። ወርኃዊው ክፍያ 11,011 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ወር የዋናው ገንዘብ ወለድ 10,000 ብር ስለሆነ፣ ከተከፈለው ውስጥ ከዋናው ላይ የሚቀነሰው 1,011 ብር ብቻ ነው። በሁለተኛው ወር ዋናው በዚያች መጠን ስላነሰ ወለዱም በ10 ብር ያህል ይቀንሳል፤ ያችም 10 ብር ወደ ዋናው ትዞራለች። እንዲህ እያለ ክፍያው ሳይለወጥ በውስጡ ያለው ድርሻ ቀስ በቀስ ይለዋወጣል።

የዚህ አካሄድ ውጤት ብዙዎችን ያስደነግጣል። 10 ዓመት ሙሉ ያለ ማቋረጥ የከፈለ ተበዳሪ፣ የጊዜው እኩሌታ ቢያልፍም፣ ገና 767,000 ብር ያህል ዋና ዕዳ ይቀርበታል። የዋናው ገንዘብ እኩሌታ የሚከፈለው ወደ 15ኛው ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ሃያው ዓመት ሲፈጸም ለባንኩ የተከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ 2,642,600 ብር ያህል ይደርሳል፤ ከዚህም ውስጥ 1,642,600 ብሩ ወለድ ነው።

ጭማሪ ክፍያ ኃይሉን የሚያገኘው ከዚህ ላይ ነው። የወሩ ወለድ አስቀድሞ ስለተከፈለ ጭማሪው በሙሉ ከዋናው ላይ ይወርዳል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም በዚያ ገንዘብ ላይ ወለድ አይቆጠርም። ስለዚህ ሰዓቱ መጠኑን ያህል ዋጋ አለው። ከላይ በተባለው ብድር ላይ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 50,000 ብር በአንድ ጊዜ ቢጨመር የብድሩ ዘመን በ3 ዓመት ያህል ያጥራል፤ የሚቀረውም ወለድ ከ350,000 ብር ይበልጣል። ያው 50,000 ብር በ15ኛው ዓመት መጨረሻ ቢከፈል ግን የሚያሳጥረው 8 ወር ያህል ብቻ ሲሆን፣ የሚያስቀረው ወለድ ወደ 38,000 ብር ዝቅ ይላል።

ይህን ስሌት ያየ ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያገኛትን ሳንቲም ሁሉ ወደ ዕዳው ለማስገባት ቢቸኩል አይፈረድበትም። ችግሩ ግን አንድ ቤተሰብ መጠባበቂያ የሌለው፣ የቤት ዕቃው ያልተሟላለት፣ ልጆቹም ገና ትንንሾች የሆኑበት ዘመን ያው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሆኑ ነው። ጭማሪ ክፍያ እጅግ የሚጠቅምበት ጊዜና ቤተሰቡ እጅግ የሚጋለጥበት ጊዜ በአንድ ላይ ይውላሉ። የነገሩ ፈተና ይህ ነው።

3. የአንድ ቤተሰብ በጀት

ብድሩን የወሰደው ቤተሰብ አባት በሥራ ተቋራጭ ዘንድ በፕሮጀክት የተቀጠረ መሐንዲስ፣ እናት መምህርት፣ ልጆቻቸውም ሁለት ናቸው ይባል። ግብርና ጡረታ ከተቀነሰ በኋላ የባል ደመወዝ 25,000፣ የሚስት 13,000፣ በድምሩ 38,000 ብር ቢሆን፣ የወሩ ወጪ እንደሚከተለው ሊደለደል ይችላል።

የባንክ ክፍያ 11,011 ብር
ምግብ 11,500 ብር
ትምህርት ቤት 4,500 ብር
መጓጓዣ 2,800 ብር
መብራት፣ ውሃና ስልክ 1,300 ብር
ለወላጆች መደጎሚያ 2,000 ብር
ዕድርና ማኅበራዊ ግዴታ 700 ብር
ሕክምናና ልብስ 1,700 ብር
ድምር 35,511 ብር

ከገቢው የሚተርፈው 2,489 ብር ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ሁሉ በዚህች 2,489 ብር ላይ ያርፋል።

ባል ከላይ የተገለጸውን ስሌት ስለሚያውቅ ሙሉውን ለባንክ እንዲገባ ይፈልጋል። ሚስት ደግሞ የቤቱን ዓመት ስለምታውቅ ትቃወማለች። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የባሏ ውል አብሮ እንደሚያልቅ፣ ክረምት ሲገባ የአፈርና የአስፋልት ሥራ እንደሚቋረጥ፣ አሠሪው መሥሪያ ቤት የክፍያ ሰርተፊኬት ሲያዘገይ የተቋራጩ ሠራተኛም ደመወዝ እንደሚዘገይ ታስታውሳለች። መስከረም ሲጠባ ደብተርና የደንብ ልብስ፣ ከገጠር ደግሞ ድንገተኛ መልእክት እንደሚመጣ አትረሳም። በብዙ ቤት ይህ ክርክር ባል ቆጣቢ፣ ሚስት አባካኝ ወይም ሚስት ፈሪ፣ ባል ደፋር እንደሆኑ ተቆጥሮ ይቋጫል። ነገር ግን ሁለቱም የሚናገሩት እውነት ነው፤ አንዱ ስለ ወለድ ሌላዋ ስለ አደጋ ትናገራለችና። የጎደለው ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጥ ስሌት ነው።

4. ሁለቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

በመጀመሪያው መንገድ ቤተሰቡ 2,489 ብሩን በሙሉ ለ3 ዓመት፣ ማለትም ለ36 ወር፣ ለዕዳው ይጨምራል። በ3ኛው ዓመት መጨረሻ ዋናው ዕዳ ያለ ጭማሪ ሊሆን ከሚችለው በ107,200 ብር ያህል ያንሳል፤ ከ956,500 ወደ 849,200 ብር ይወርዳል ማለት ነው። በእጁ ግን ምንም የለም።

በሁለተኛው መንገድ ያንኑ 2,489 ብር በየወሩ በቁጠባ ሒሳብ ያስቀምጣል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከመቶ 5 ወደ ከመቶ 7 ከፍ እንዲል አድርጎ ስለነበር፣ በዚሁ በከመቶ 7 ቢሰላ በ3 ዓመት 99,400 ብር ያህል ይጠራቀማል። ከወለዱ ላይ የሚቀነሰው ግብር ይህን ጥቂት ዝቅ ያደርገዋል። ዕዳው እንደ ውሉ 956,500 ብር ነው።

የሁለቱ ልዩነት ምን ያህል ነው? 107,200 ሲቀነስ 99,400፤ ከ8,000 ብር በታች ነው። ብዙ ሰው ቁጠባን ሲመርጥ የሚያጣው የዕዳውን ከመቶ 12 ወለድ በሙሉ ይመስለዋል። የሚያጣው ግን በ12ና በ7 መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ለ3 ዓመት ገንዘብን በእጅ የማቆየት ዋጋው ከ8,000 ብር እምብዛም አይበልጥም። ገንዘቡ በቤት ውስጥ ወይም ወለድ በማይታሰብበት ሒሳብ ከተቀመጠ ግን ዋጋው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ መጠባበቂያው የሚቀመጥበት ቦታ መመረጥ አለበት።

አሁን ደግሞ በ4ኛው ዓመት መጀመሪያ ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ባል ሥራ ፈታ ይባል። በመጀመሪያው መንገድ የሄደው ቤተሰብ የቀረው የሚስት 13,000 ብር ደመወዝ ነው። ከዚህ ላይ ለባንክ 11,011 ብር ሲከፍል ለአራት ሰው ምግብ፣ ለትምህርት ቤትና ለመብራት የሚተርፈው 1,989 ብር ይሆናል። ዕዳውን በ107,200 ብር ማቃለሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ያንን ገንዘብ ከባንኩ መልሶ ሊጠይቀው አይችልም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደተባለው ነው። ያኔ ከአራጣ አበዳሪ በወር ከመቶ 10 ቢበደር፣ በ3 ዓመት ያተረፈውን ወለድ በጥቂት ወራት ውስጥ ያጠፋዋል።

በሁለተኛው መንገድ የሄደው ቤተሰብ ደግሞ ወጪውን እጅግ አስፈላጊ ወደሆነው፣ ወደ 30,000 ብር ያህል፣ ዝቅ ቢያደርግ የሚጎድለው በወር 17,000 ብር ነው። 99,400 ብር ይህንን ጉድለት ለ6 ወር ያህል ይሸፍናል። 6 ወር ለአንድ መሐንዲስ ሌላ ሥራ ለመፈለግ ተገቢ ጊዜ ነው።

ሕጉም ቢሆን ቀድሞ ለተከፈለ ጭማሪ ውለታ አይቆጥርም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ብድሩ በውሉ መሠረት ካልተከፈለው በመያዣ የያዘውን ንብረት፣ ለተበዳሪው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ፣ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ባንኮች ከዚህ ከመድረሳቸው በፊት መነጋገርን ይመርጣሉ፤ ይሁን እንጂ ሥልጣኑ አላቸው። ለ3 ዓመት እጥፍ ትጋት ያሳየ ተበዳሪም ሆነ እንደ ነገሩ የከፈለ ተበዳሪ፣ ወርኃዊውን ክፍያ ባቋረጠ ጊዜ ሁለቱም ያው ባለዕዳ ናቸው። እንዲያውም ዕዳው ያነሰበት ቤት ለባንኩ ይበልጥ አስተማማኝ መያዣ ነው፤ ሐራጁ ለአበዳሪው ኪሳራ አያመጣምና።

ወለዱም በዘመኑ ሁሉ እንዳለ ይቆያል ብሎ መተማመን አይቻልም። ብዙ የብድር ውሎች ባንኩ የወለዱን መጠን እንዲለውጥ ይፈቅዳሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ብሔራዊ ባንክ ከመቶ 15 የሆነ የፖሊሲ ወለድ ሥራ ላይ ማዋሉ ይታወሳል። ከላይ የተባለው ብድር በ3ኛው ዓመት መጨረሻ ወለዱ ወደ ከመቶ 15 ቢያድግ፣ በዚያው ዘመን ለመጨረስ ወርኃዊው ክፍያ ከ11,011 ወደ 12,986 ብር ያህል ይወጣል። ከ2,489 ብሩ ትርፍ 1,975ቱ በዚህ ብቻ ይበላል።

5. የዋጋ ንረት ዕዳውን ይበላዋል ስለሚባለው

በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከመቶ 30 በላይ ሆኖ ታይቷል። በዚህ ሁኔታ በከመቶ 12 የተበደረ ሰው በእውነተኛ ዋጋ ሲታይ ከተበደረው ያነሰ እንደሚመልስ የታወቀ ነው። የዋጋው ዕድገት በዓመት ከመቶ 10 ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ዛሬ 11,011 ብር የሆነው ክፍያ ከ10 ዓመት በኋላ የመግዛት አቅሙ የዛሬውን 4,245 ብር ያህል ብቻ ይሆናል። ደመወዝ ቢዘገይም ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚጨመር ክፍያው በበጀቱ ላይ የሚኖረው ጫና ይቀላል። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች ዕዳን ፈጥኖ መክፈል ኪሳራ ነው ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳሉ።

ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። የዋጋ ንረት በባንክ የተቀመጠውን ብርና ለዕዳ የተከፈለውን ብር እኩል ይነካቸዋል። ዋጋ በከመቶ 10ም ይጨምር በከመቶ 30፣ ቁጠባው ከመቶ 7 የሚወልድ፣ ጭማሪ ክፍያው ከመቶ 12 የሚያስቀር እስከሆነ ድረስ በሁለቱ መካከል ያለው ብልጫ አይገለበጥም። ስለዚህ የዋጋ ንረትን ምክንያት አድርጎ ጭማሪ ክፍያን የሚተውና ትርፍ ብሩን ለዓመታት በቁጠባ ሒሳብ የሚያከማች ሰው፣ ከሁለቱ የባሰውን መርጧል።

የዋጋ ንረት ክርክሩን የሚለውጠው ብሩ ከዋጋ ጋር አብሮ በሚያድግ ነገር ላይ ሲውል ነው። ያልተጠናቀቀ ቤት ያለው ሰው ሲሚንቶና ብረት ሳይወደድ ግድግዳውን ቢያጠናቅቅ፣ የሚያፈስ ጣራውን ቢያስጠግን፣ ሚስት ደመወዟን የሚያሳድግላትን ትምህርት ብትቀጥል፣ ወይም ቤተሰቡ የሚያውቀውን አነስተኛ ንግድ ቢጀምር፣ ይህ ከከመቶ 12 የተሻለ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ዕዳ ልክፈል ወይስ አልክፈል?» የሚል ሳይሆን፣ «ይህች ብር ለዕዳ ባትከፈል ኖሮ በእርግጥ በምን ላይ ትውል ነበር?» የሚል ነው። መልሱ «እንዲሁ ትጠፋ ነበር» ከሆነ ለዕዳው መክፈል ከሁሉ ይሻላል።

6. የአከፋፈል ቅደም ተከተል

ከላይ ከተዘረዘረው የሚከተለው ሥርዓት ይወጣል።

ሀ) በመጀመሪያ ከቤቱ ብድር የበለጠ ወለድ የሚጠይቅ ዕዳ ይከፈላል። ከግለሰብ የተወሰደ የአራጣ ብድር ካለ እርሱ ሳያልቅ ለባንክ ጭማሪ መክፈል በቀዳዳ በርሜል ውሃ እንደ መቅዳት ነው። የሱቅ ዱቤም ወለዱ በዕቃው ዋጋ ውስጥ የተደበቀ ሊሆን ስለሚችል ከዚሁ ይመደባል።

ለ) ቀጥሎ መጠባበቂያው ይሞላል። አንደኛው ወገን ቋሚ ደመወዝ ላለው ቤተሰብ የ3 ወር አስፈላጊ ወጪ፣ ማለትም በምሳሌው ቤተሰብ 90,000 ብር ያህል፣ ተገቢ ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም በፕሮጀክት ወይም በግል ሥራ የሚተዳደሩ ከሆነ 6 ወር ሊሆን ይገባል። መሐንዲስ አፈሩን በደንብ በማያውቀው ቦታ ላይ የደኅንነት መጠኑን ከፍ እንደሚያደርግ ሁሉ፣ ገቢው የማያስተማምን ሰውም እንዲሁ ማድረግ አለበት። ዋጋ በጨመረ ቁጥርም የ3 ወር ወጪ ስለሚጨምር መጠኑ በየዓመቱ ይታረማል።

ሐ) የሚታወቅ ወጪ ከአደጋ ተለይቶ ይያዛል። የመስከረም የትምህርት ቤት ወጪ፣ የበዓል በግ፣ የክረምት ጣራ ጥገና በየዓመቱ የሚመጡ ናቸው፤ ድንገተኛ አይባሉም። ዓመታዊ ድምራቸው ለ12 ተካፍሎ በወሩ በጀት ውስጥ ካልገባ መጠባበቂያው ሁልጊዜ በነሐሴ ይሟጠጣል።

መ) ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ትርፉ ወደ ዋናው ዕዳ ይዞራል። የምሳሌው ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት መጠባበቂያውን ሞልቶ፣ ከ37ኛው ወር ጀምሮ 2,489 ብሩን በየወሩ ለዋናው ቢጨምር ዕዳው በ160 ወር፣ ማለትም በ13 ዓመት ከ4 ወር፣ ያልቃል። ከ20 ዓመት ላይ 6 ዓመት ከ8 ወር ቀነሰ ማለት ነው፤ መጠባበቂያውም እንዳለ በእጁ ነው። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ሁሉን ለባንክ ያስገባው ደግሞ፣ በመካከል አንዳች ክፉ ነገር ካልደረሰበት፣ በ136 ወር ገደማ ይጨርሳል። የሁለቱ ልዩነት 2 ዓመት ነው። ይህ 2 ዓመት የዋስትና ዋጋ ነው፤ ቀላል ነው አይባልም፣ ግን ምን እንደተገዛበት ይታወቃል።

ሠ) ዕቁብ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አለው። የዕቁብ ገንዘብ ወለድ ባይኖረውም በእጅ የማይቆይለትን ሰው ያስቆጥበዋል፤ ሲደርሰውም በአንድ ጊዜ ዋናውን ለመቀነስ ይመቻል። ዕቁብ ግን መጠባበቂያን አይተካም፤ ዕጣው ችግሩ በመጣበት ወር ይወጣል የሚል ዋስትና የለምና። በመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ላለው ሰው ደግሞ በዚያ ያስቀመጠው ገንዘብ በችግር ጊዜ በመጠኑ ወለድ ለመበደር መብት ስለሚሰጠው፣ ዕዳ ለመክፈል ሲባል ያንን ማውጣት አይመከርም።

7. ከባንኩ ጋር የሚደረግ ስምምነት

ጭማሪ ክፍያ ከመጀመሩ በፊት የብድር ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል። ከጊዜው በፊት ለሚከፈል ገንዘብ ክፍያ ወይም ቅጣት መኖር አለመኖሩ እንደየውሉ ይለያያል። በእንግሊዝ አገር በብዙ የቋሚ ወለድ ውሎች ተበዳሪው በዓመት ከቀሪው ዕዳ ከመቶ 10 በላይ ጭማሪ ከከፈለ ቅጣት ይጠየቃል፤ በኢትዮጵያም እያንዳንዱ ባንክ የራሱ ሁኔታ ሊኖረው ስለሚችል በግምት መሄድ አይገባም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጭማሪው አመዘጋገብ ነው። በሒሳብ ክፍሉ ጭማሪው ለሚቀጥለው ወር ክፍያ እንደተቀመጠ ተቆጥሮ ሊያዝ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ዋናው ዕዳ ወዲያው ሳይቀንስ ይቀርና የተፈለገው ጥቅም ይታጣል። ስለዚህ ተበዳሪው ገንዘቡ ከዋናው ላይ እንዲቀነስ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፎ ግልባጩን ሊያስቀር፣ ከዚያም የሒሳብ መግለጫ አስወጥቶ መቀነሱን በዓይኑ ሊያይ ይገባዋል።

ሦስተኛው ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ ነው። ጠቀም ያለ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ለዋናው ሲከፈል ባንኩ ከሁለት አንዱን ሊያደርግ ይችላል፤ ወርኃዊውን ክፍያ ሳይነካ ዘመኑን ያሳጥራል፣ ወይም ዘመኑን ሳይነካ ክፍያውን ዝቅ ያደርጋል። ለምሳሌ በ3ኛው ዓመት መጨረሻ 99,400 ብር ተጨማሪ ቢከፈል፣ በቀረው 17 ዓመት የሚከፈለው ወርኃዊ ክፍያ ከ11,011 ወደ 9,867 ብር ገደማ ሊወርድ ይችላል። ተበዳሪው ግዴታው ወደ 9,867 እንዲወርድለት ተስማምቶ፣ በደህና ጊዜ ግን እንደ ቀድሞው 11,011 ቢከፍል ዕዳው 4 ዓመት ከ4 ወር ያህል ቀድሞ ያልቃል፤ ይህም ዘመኑ በቀጥታ ቢያጥርለት ከሚያገኘው ጋር እኩል ነው። በክፉ ጊዜ ግን ሳይቀጣ በወር 1,144 ብር ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። ባንኩ የሚፈቅድ ከሆነ ይህኛው የተሻለ ነው፤ በአንድ ዋጋ ዕዳን ማሳጠርንና ነጻነትን ያስገኛልና።

በመጨረሻም ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ ሥራው አላለቀም። መያዣው በመዝገብ የገባ ስለሆነ ተበዳሪው ከባንኩ የዕዳ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ ተቀብሎ፣ ንብረቱን ከመዘገበው ክፍል ዘንድ እገዳው እንዲነሣ ማድረግና የባለቤትነት ማረጋገጫውን መረከብ አለበት። ይህን ለነገ ሲሉ ያለፉ ወላጆች ለልጆቻቸው የሚያወርሱት ቤት በወረቀት ገና ባለዕዳ ሆኖ ይገኛል።

ማጠቃለያ

የቤት ዕዳን ከጊዜው በፊት መክፈል መልካም ነገር ነው፤ ለባለደመወዝ ከሚቀርቡት የቁጠባ ዓይነቶች ሁሉ አስተማማኝ ፍሬ የሚሰጥ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ነገር ግን ገብቶ የማይወጣ ቁጠባ ነው። ስለዚህ ከሌላው ቁጠባ በኋላ እንጂ በፊት አይመጣም። ሊጠባበቁ የሚገባቸውን ሦስት ዓመታት መጠበቅ የሚያስከፍለው ከ8,000 ብር በታች ሲሆን፣ አለመጠበቅ ሊያስከፍል የሚችለው ግን ቤቱን ራሱን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው አባባል በዚህ ጉዳይ ላይ በቁጥር ተረጋግጦ ይታያል።

ከሁሉ በላይ ይህ ስሌት የሚሠራው ባልና ሚስት አብረው ሲሠሩት ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ሁለቱ የባንኩን መግለጫ፣ የቁጠባ ደብተሩንና የወሩን ወጪ ዝርዝር በአንድ ገበታ ላይ አስቀምጠው፣ መጠባበቂያው ስንት ወር እንደሚያዘልቅ፣ ወለዱ ተለውጦ እንደሆነ፣ በሚመጣው ዓመትም ለዋናው የሚጨመረው ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ቢወስኑ፣ ለዓመቱ የሚሆን ክርክር በአንድ ማታ ያልቃል። መሐንዲሱም ለሌላ ሰው ሕንጻ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለገዛ ልጆቹ መኖሪያ አደረገ ማለት ነው።